አንድ ዜማ በሁለት አንደበት፦ የአኒሜ መክፈቻ ዘፈኖችን በጃፓንኛና በእንግሊዝኛ አስተያይቶ ማዳመጥ

ከዓመታት በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ፖኬሞን የተባለውን አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) የእንግሊዝኛ መክፈቻ ዘፈን ከጃፓንኛው ጋር ለማገጣጠም ስታገል ሰነበትኩ። አንዱን ስንኝ አዳምጣለሁ፣ አቆማለሁ፣ ሌላውን እከፍታለሁ፣ እንደገና ወደ ኋላ እመልሳለሁ። አዝማቹ የት ላይ እንደሚገናኝ ማግኘት አልቻልኩም። ሊገናኝም አይችልም ነበር። በ1997 በጃፓን ሪካ ማትሱሞቶ ያዜመችው «ሜዛሴ ፖኬሞን ማስታ» እና በ1998 ጄሰን ፔይጅ ለአሜሪካ ተመልካች የዘፈነው ከፊልሙ ስም በቀር የሚጋሩት ነገር የለም። ዜማውም፣ ግጥሙም፣ ደራሲዎቹም ሌላ ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ግጥም ከመመርመራችሁ በፊት ዝምድናውን አጣሩ። እኔ ዛሬ የማደርገው እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴን አንዱን ቅጂ ብቻ አሰማትና አፏን ዘግታ እንድታንጎራጉርልኝ እጠይቃታለሁ፤ እኔ በዚያ ላይ የሌላውን ቅጂ ቃላት ለማስቀመጥ እሞክራለሁ። ቃላቱ ከተቀመጡ ዜማው አንድ ነው። ካልተቀመጡ የያዝኳቸው ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች ናቸው። የሚያግዛችሁ ሰው ከሌለ የራሳችሁን እንጉርጉሮ በስልካችሁ ቅዱና በእሱ ላይ ሞክሩ።

በዚህ ፈተና ዘፈኖቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ፈጽሞ የተተካው ነው። ከፖኬሞን ሌላ የዲጂሞን አድቬንቸር መክፈቻም እዚህ ይገባል፤ ኮጂ ዋዳ በ1999 የዘፈነው «ባታፍላይ» በእንግሊዝኛው ቅጂ ውስጥ የለም። ሂሮኖቡ ካጌያማ በ1989 ለድራጎን ቦል ዜድ ያዜመው «ቻላ ሄድ ቻላ»ም በ1996ቱ የአሜሪካ ቅጂ ላይ በኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ተተክቷል። ሁለተኛው ወገን ዜማውን ጠብቆ ሐሳቡን የለወጠ ነው፤ ሴይለር ሙን ዋና ምሳሌው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዜማውንም ሐሳቡንም ተከትሎ የሄደ ነው፤ የ2001ዱ ፍሩትስ ባስኬት የመክፈቻ ዘፈን ከዚህ ይመደባል። አንዳንድ ፊልም በሁለት ወገን ይገኛል። ዋን ፒስ በ2004 አሜሪካ ሲገባ መክፈቻው በራፕ ተተክቶ ነበር፤ በኋላ ሌላ አሳታሚ ሲረከበው የመጀመሪያው ዜማ በእንግሊዝኛ ግጥም ተመልሷል። ስለዚህ «የእንግሊዝኛው ቅጂ» ስትሉ የትኛው እንደሆነ በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ።

የመጀመሪያውን ወገን ግጥም ከግጥም አታመሳክሩ። በዚያ መጠየቅ ያለበት የተተካው ዘፈን በፊልሙ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበረ ነው። በኪኪስ ዴሊቨሪ ሰርቪስ (1989) ልጅቷ ከቤቷ ወጥታ በሌሊት ስትበር ሬዲዮዋ ይከፈታል፤ የምንሰማው ዘፈን ከሬዲዮው የሚወጣ፣ የዩሚ አራይ የ1975 ሥራ ነው። ፊልሙ ራሱ ከወጣበት ጊዜ የሚቀድም ዘፈን ስለሆነ ከእውነተኛ ሬዲዮ የመጣ ይመስላል። የ1998ቱ የእንግሊዝኛ ቅጂ ለፊልሙ በተሠራ አዲስ ዘፈን ተካው። አዲሱ ዘፈን ስለ መብረር የሚናገር ሲሆን የበረራውን ስሜት ያሰፋል፤ ከእውነተኛ ሬዲዮ የመጣ መምሰሉ ግን ይጠፋል። እኔን ያ ያሳዝነኛል፤ ልጅቷ ዘፈኑን አብራን መስማቷ ነበር ትዕይንቱን የእሷ ያደረገው።

ዜማው አንድ ሆኖ ከተገኘ ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። መጀመሪያ ርዝመቱን አስተካክሉ። በጃፓን ቴሌቪዥን መክፈቻ የተለመደው ርዝመት አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ በአልበም የሚወጣው ሙሉ ዘፈን ግን ብዙ ጊዜ አራት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩ ላይ የተሠራ ስለሆነ ከሙሉው ጋር ካነጻጸራችሁት «ይህን ቆረጡት» ብላችሁ ያልቆረጡትን ትከሳላችሁ።

ከዚያ ደብተር አውጡና ገጹን በሦስት ዓምድ ክፈሉ። በመጀመሪያው ዓምድ የጃፓንኛውን ግጥም፣ በመካከለኛው የቃል በቃል ፍቺውን፣ በሦስተኛው የተዘፈነውን እንግሊዝኛ ጻፉ። መካከለኛው ዓምድ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ከስክሪኑ በታች የሚሄደውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከተዘፈነው እንግሊዝኛ ጋር ያምታታል። ከታች ያለው ጽሑፍ የሚነበብ ብቻ ነው፤ በዜማ ላይ የመቀመጥ ግዴታ የለበትም። የተዘፈነው ግን በእያንዳንዱ ኖታ ላይ አፍ መክፈት አለበት።

የመጀመሪያውን ዓምድ በላቲን ፊደል አትጻፉት። በራሳችን ፊደል ጻፉት። ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። የጃፓንኛ ካና እንደ ፊደላችን አንድ ምልክት አንድ ቀለም የሚወክልበት ጽሕፈት ስለሆነ፣ በፊደላችን የጻፋችሁት ስንኝ ራሱን ይቆጥርላችኋል። ሦስት ነገር ብቻ ጠብቁ። ብቻዋን የቆመች «ን» እንደ ሙሉ ቀለም ትቆጠራለች። የተረዘመ አናባቢ ሁለት ነው፤ ቶክዮ በጃፓኖች ቆጠራ ቶ-ኦ-ክዮ-ኦ፣ አራት ነው («ክዮ» በእኛ ሁለት ፊደል ብትሆንም አንድ ናት)። የሚጠብቅ ድምፅም የራሱን ቦታ ይወስዳል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ በጃፓንኛ «ኪቴ» ላልቶ «ና» ሲሆን ጠብቆ «ኪ-ት-ቴ» ሲባል የፖስታ ቴምብር ነው።

አሁን አንድ ርዕስ አብረን እንቁጠር። በ1995 ዮኮ ታካሃሺ ኢቫንጌልየን ለተባለው አኒሜ የዘፈነችው ዘፈን ርዕስ ዛ-ን-ኮ-ኩ-ና-ቴ-ን-ሺ-ኖ-ቴ-ኤ-ዜ ነው፤ 12 ቀለም። የእንግሊዝኛው ርዕስ አ-ክሩ-ኤል-ኤን-ጀልስ-ቲ-ሲስ፣ 7 ነው። ሐሳቡ አንድ ሆኖ 5 ቀለም ባዶ ቀረ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሴይለር ሙን መክፈቻ ርዕስ ነው። የመጀመሪያው ቃል «ሙንላይት» የሚለው እንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ አፍ ሁለት ቀለም ነበር፣ ጃፓንኛ ሲሆን ሙ-ኡ-ን-ራ-ኢ-ቶ፣ ስድስት ይሆናል።

በመክፈቻ ዘፈኖች ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ቃላት ያዙ፦ ዋታሺ (እኔ)፣ ኮኮሮ (ልብ)፣ ዩሜ (ህልም)፣ ሂካሪ (ብርሃን)፣ ትሱባሳ (ክንፍ)። በጃፓንኛ ሲደመሩ 14 ቀለም ናቸው፤ «ትሱ» አንድ ቀለም መሆኗን አትርሱ። የእንግሊዝኛ አቻዎቻቸው አምስቱም አንድ አንድ ቀለም ናቸው። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ገጣሚ የተሰጠው ቤት ሰፊ፣ ያለው ዕቃ ግን ትንሽ ነው። ቤቱን መሙላት ግዴታው ነው። በሦስተኛው ዓምድ ላይ «ይህ ከየት መጣ?» የምትሉት ቃል ብዙ ጊዜ ከዚህ ባዶ ቦታ የበቀለ ነው። ስለዚህ የተጨመረውን ከመውቀሳችሁ በፊት ስንት ኖታ መሞላት እንደነበረበት ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ መመዘን ያለበት በምን እንደሞላው ነው። ከቀደመው ስንኝ የወጣ ምስል ነው? ወይስ የትም ዘፈን ውስጥ ሊገባ የሚችል መፈክር?

ቀጥሎ የስንኙን መጨረሻ ተመልከቱ። ጃፓንኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ እንደ አማርኛ። አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት ስንኝ ሲዘረጋ ዘፋኙ ምን እንዳደረገ ሳይነግረን ይጓዝና በረጅሙ ኖታ ላይ ግሡን ያሳርፈዋል። እኛ ይህን ጥበቃ በጆሯችን እናውቀዋለን። እንግሊዝኛ ግሡን አስቀድሞ ስለሚናገር ምስጢሩ በመሃል ይፈታል፤ ረጅሙ ኖታ ላይ የሚቀረው ስም ወይም «ዛሬ»፣ «ለዘላለም» የሚል ማሟያ ነው። በቤት መምታት በኩል ግን ጆሯችን ወደ እንግሊዝኛው ያደላል፤ የጃፓንኛ ዘፈን ቤት እንዲመታ አይጠበቅበትም፣ የእንግሊዝኛው ይጠበቅበታል። ይህን አድልዎ በራሳችሁ ላይ ካላወቃችሁት ቤት የመታውን ሁሉ «ያማረ» ትሉታላችሁ።

በዚያው ረጅም ኖታ ላይ የአፉን ቅርጽም አጥኑ። «ትሱባሳ» በተከፈተ አፍ ያልቃል፤ ዘፋኙ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ሊይዘው ይችላል። «ላይት» ግን በ«ት» ይዘጋል። ጎበዝ የእንግሊዝኛ ገጣሚ ለዚህ ነው በረጅም ኖታ ላይ «ስካይ»፣ «ፍሪ»፣ «ዩ» የመሳሰሉትን የሚያሳርፈው። እንግሊዝኛውን መጀመሪያ እንደ ንግግር፣ ከዚያ በዜማ በሉት። በንግግር ሳይጫን የሚያልፈው «ኦፍ» ወይም «ዘ» በዜማው ጠንካራ ምት ላይ ከወደቀ ግጥሙ በችኮላ የተሠራ ነው።

ወደ ሴይለር ሙን ልመለስ፤ ከሁሉ ብዙ ያዳመጥኩት እሱን ነው። የ1992ቱ ጃፓንኛ የሚጀምረው በይቅርታ ነው። አንዲት ልጅ የልቧን በግልጽ መናገር ስላልቻለች ይቅርታ ትጠይቃለች፤ በህልም ቢሆን እንደምትናገረው ትገልጻለች። የምታናግረው የምትወደውን ሰው ነው። ጦርነት የሚባል ነገር አይነሳም። የ1995ቱ እንግሊዝኛ በዚያው በሚያሳዝን ማይነር ዜማ ላይ ክፋትን በጨረቃ ብርሃን ስለመዋጋት ይጀምራል፤ ቀጥሎም ስለ ልጅቷ «እሷ» እያለ ያወራል። በሁለቱም ቅጂዎች አጠገብ «ማን ለማን ይናገራል?» ብዬ ጻፍኩ። ጃፓንኛው፦ እሷ፣ ለእሱ። እንግሊዝኛው፦ ሌላ ሰው፣ ለእኛ። የጀግናዋ ምስጢር ማስታወቂያ ሆነ። ለማያውቃት ተመልካች ማንነቷን ማስተዋወቅ ተገቢ ሥራ መሆኑን እቀበላለሁ፤ እንግሊዝኛውም ያንን በሚገባ ይሠራል። ግን ዜማው ለምን እንደሚያዝን ያወቅኩት ጃፓንኛውን ስረዳ ነው።

ይህን ጥያቄ በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ ጠይቁ። ጃፓንኛ ባለቤቱን ይተዋል፤ «እኔ» ይሁን «እኛ» ሳይባል ስንኙ ያልፋል። እንግሊዝኛ መምረጥ አለበት፤ ምርጫውም የተርጓሚውን ንባብ ያጋልጣል።

በላቲን ወይም በእኛ ፊደል የተጻፈ ግጥም የሚደብቀው አንድ ነገር አለ፤ ስለዚህ የጃፓንኛ ጽሕፈት የሚያነብ ሰው ካገኛችሁ አሳዩት። የጃፓን ገጣሚዎች አንዱን ቃል ጽፈው ሌላውን ያዘፍናሉ። በወረቀቱ ላይ «ህዋ» የሚል ተጽፎ ዘፋኙ «ሶራ»፣ ማለትም «ሰማይ» ይላል። ዓይን አንዱን፣ ጆሮ ሌላውን ይቀበላል። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ የሚጣፍጥ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን መንገድ የለውም፣ ከሁለቱ አንዱ ይቀራል።

ድምፁን በአጭሩ ልለፈው። ሪካ ማትሱሞቶ የፖኬሞኑን ሳቶሺ ድምፅ ትሠራ የነበረችው ራሷ ስለሆነች ጃፓንኛውን የሚዘፍነው ጀግናው ነው ማለት ይቻላል፤ በእንግሊዝኛው ዘፋኙና ተዋናይዋ የተለያዩ ናቸው። የፍሩትስ ባስኬትን ዘፈን ሪትሱኮ ኦካዛኪ ጽፋ፣ ዜማ አውጥታ፣ ራሷ በለሆሳስ ዘፍናዋለች፤ እንግሊዝኛውን ሜሬዲዝ ማኮይ ስትዘፍነው ማዳመጥ ያለባችሁ ድምፁ መመሳሰሉን ሳይሆን ለሆሳሱ መጠበቁን ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተሠራ ትርጉም ማየት ከፈለጋችሁ የ1995ቱን ዊስፐር ኦቭ ዘ ሃርት ተመልከቱ። የጃፓንኛ ርዕሱ «ጆሮ ብትጥል» እንደማለት ነው። ሺዙኩ የተባለች ተማሪ ወደ ቀድሞ ቀዬ መመለስን የሚናፍቅ የአሜሪካ ዘፈን ወደ ጃፓንኛ ትመልሳለች። በመጨረሻ ያወጣችው ግጥም መመለስ እንደምትፈልግ ግን መመለስ እንደማትችል ተናግሮ መንገዱን ይሰናበታል። ሐሳቡ ተገልብጧል፤ ዜማው ግን ይህንንም ተሸክሞታል።

የመጨረሻው እርምጃ እንደ ሺዙኩ እጃችሁን ማስገባት ነው። አራት ስንኝ ምረጡና በአማርኛ ሞክሩት። እኔ በ«ኮኮሮ» ሦስት ኖታ ላይ ቆሜያለሁ። «ልብ» አንድ ቀለም ነው፤ «ልቤ» ሁለት። «ልባችን» ብል ሦስቱ ይሞላሉ፣ ግን ብቻዋን የምትዘፍነውን ልጅ ብዙ ሰው አደረግኳት። «ልቤ ሆይ» ደግሞ ሦስት ይሆናል፤ አሁን ግን ልጅቷ ስለ ልቧ መናገሯን ትታ ልቧን መጥራት ጀመረች። ሁለቱም በሦስተኛው ዓምድ ጎን በእርሳስ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ እህቴ «ልቤ ሆይ»ን ትመርጣለች፣ እኔ ገና አልወሰንኩም።