በጨው ውሃ መብራቱ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አዮናዊ ውህዶች፣ ማለትም እንደ ገበታ ጨው ከአዮኖች (ቻርጅ ካላቸው ቅንጣቶች) የተሠሩት፣ በውሃ ሲሟሙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ተማሪው ቤት ሲሞክረው ግን መብራቱ እምቢ ይላል። ጥፋቱ የጨው አይደለም።

የሚያስፈልገው 9 ቮልት ባትሪ፣ ቀይ ኤልኢዲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚበራ ትንሽ መብራት)፣ ከረንት የሚገድብ 470 ኦም ሬዚስተር (ሁሉም መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎች ይገኛል)፣ በሁለቱም ጫፍ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ባትሪው፣ ሬዚስተሩ፣ ኤልኢዲውና እርሳሶቹ በሽቦ ተከታትለው ይያያዛሉ፤ የእርሳሶቹ ሌላኛው ጫፍ ሳይነካካ ጨው ውሃው ውስጥ ይነከራል። ሶኬት ላይ በፍጹም እንዳትሰኩት፤ 220 ቮልት ይገድላል።

ጨዉ ሟሙቷል፣ መብራቱ አይበራም
ኤልኢዲውን ገልብጡት፤ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ ነው። ካልበራ ባትሪውን እዩ። ብዙ ሰው ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይቀጥላል፤ ይህ 3 ቮልት ብቻ ነው። ጨው ውሃው ራሱ ከ2 ቮልት በላይ ይወስዳል፣ ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ 2 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። የድሮው የእጅ ባትሪ አምፖልም አይሆንም፤ ሽቦው እስኪግል ብዙ ከረንት ይፈልጋል።

ደረቅ ጨው ላይ አይበራም
ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሙከራው ሊያሳይ የፈለገው ይህንኑ ነው። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ሰጥቶ ሁለቱም አዮን ሆነዋል። ተቃራኒ ቻርጆቻቸው ጠፍረው ስለያዟቸው ከረድፋቸው አይነቃነቁም። ቻርጅ አለ፣ የሚሄድ ግን የለም። የአሞሌ ስባሪ በዘነዘና ሲመታ የሚሰነጠቀውም ከዚሁ የተነሳ ነው፦ ምቱ አንዱን ረድፍ ሲያንሸራትት ተመሳሳይ ቻርጆች ፊት ለፊት ይገጥሙና ይገፋፋሉ።

በክረምት ፈዘዝ ብሎ ከበራ ጨዉ እርጥበት ስቧል። መጥበሻ ላይ 10 ደቂቃ አምሳችሁ አቀዝቅዙት።

ጨው ሳይጨመር ይበራል
የቧንቧም የታሸገም ውሃ የሟሙ አዮኖች አሉት። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን ዲስቲልድ ውሃ ግዙ፤ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ። እርሳሶቹንም በእሱው አለቅልቁ።

«ሙቅ ውሃ ጨዉን አቀለጠው»
አልቀለጠም፣ ሟሟ። ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ አራት ኪሎ ላይ ውሃ የሚፈላው ደግሞ 92 ዲግሪ አካባቢ። ጨዉ የሟሟው፣ የውሃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን ከበው አንድ በአንድ ስለነቀሏቸው ነው። ስኳርም ይሟሟል፣ ግን ወደ አዮን ስለማይለያይ አያበራም።

አረፋና የበረኪና ሽታ
በኔጌቲቩ በኩል ሃይድሮጅን፣ በፖዘቲቩ በኩል ክሎሪን እየወጣ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆዩት። በእርሳስ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ከነከራችሁ ሽቦው እየተበላ ውሃው ቀለም ይለውጣል፤ ድፉትና በእርሳስ እንደገና ጀምሩ።