ሃምሳ ልጅ በአርባ ደቂቃ

ባለፈው መስከረም አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ አዲስ የተመደበች ልጅ ደወለችልኝ። ድምጿ ደክሟል። «እትዬ፣ እርስዎ ሁሉንም እንዴት ነው የሚችሉት?» አለችኝ። ሁሉንም አልችልም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች ላይብረሪ ከያዝኩ 11 ዓመቴ ነው። ከሥራዬ ሁሉ የማላስነካው አንድ ነገር አለ፤ እሱም መጽሐፍ ማዋስ ነው። ሌላው ሥራ በሱ ዙሪያ ቦታውን ይፈልግ። ለሷ በስልክ የነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

የመጀመሪያ ዓመቴን ያበላሸው ፍርሃት ነው። መጽሐፎቹ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆነው፣ እኔ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ፈርሜ የተረከብኳቸው ንብረቶች ናቸው። ቢጠፉ ከደመወዜ ይቆረጣል ብዬ ተረት ተረቶቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲደረግ አንድም አልጎደለም። ገጾቹ ግን አዲስ እንደመጡ ናቸው፤ የልጅ እጅ አልነካቸውም። ቆጣሪዎቹ አመሰገኑኝ። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ አለቀስኩ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት ይኑራችሁ። ገና በመስከረም ርዕሰ መምህሩን፣ የንብረት ክፍሉን ሰውና ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አንድ ወላጅ ሰብስባችሁ ቃለ ጉባኤ አስይዙ። ልጅ መጽሐፍ ቢጠፋበት ምን ይደረጋል? አርጅቶ የተገነጠለው በማን ፊርማ ይወገዳል? እኛ ዘንድ ቤተሰቡ ሌላ የልጆች መጽሐፍ ገዝቶ ይተካል። አቅም ከሌለው ልጁ ለአንድ ወር በእረፍት ሰዓት መደርደሪያ ያስተካክልልኛል። የተፈረመው ወረቀት ፋይል ውስጥ ካለ ስታውሱ እጃችሁ አይንቀጠቀጥም።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። እኛ ጋ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ 18 ሴክሽን አለ። በእያንዳንዱ ሃምሳ ገደማ ልጅ። ሴክሽኑ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ድሮ የልጁን ስም፣ ክፍሉን፣ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ቀኑን ስጽፍ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ይሄድብኝ ነበር። ደወሉ ሲደወል አሥር ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁልጊዜም የሚቀሩት ከኋላ የሚቆሙት ዓይን አፋሮቹ ናቸው።

አሁን ለእያንዳንዱ ሴክሽን አንድ ደብተር አለኝ። የልጆቹን ስም ከክፍል ኃላፊዋ ተቀብዬ አንዴ ብቻ ወደ ታች እጽፋለሁ። ወደ ጎን ሳምንታቱን በመስመር እከፍላለሁ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ከውስጥ በኩል አጭር ቁጥር አለው። ልጁ ሲወስድ በስሙ ትይዩ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ሲመልስ በቀይ እሰርዘዋለሁ። አለቀ። ሃምሳ ልጅ በሩብ ሰዓት ያልቃል። የቀረው 25 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበቢያ ነው። ያችን ጊዜ ለማንም አትስጡ።

የመደርደሪያውን ነገር አታክብዱት። ኮሌጅ የተማርነው፣ መጽሐፍን በይዘቱ ቁጥር እየሰጠ የሚለየው የዲዊ አመዳደብ ጥሩ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን የተረት ቁጥሩ 398.2 ምንም አይነግረውም። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ባለቀለም ናስትሮ ገዛሁ። ለአንደኛና ሁለተኛ ክፍል ቢጫ፣ ለሦስተኛና አራተኛ አረንጓዴ፣ ለአምስተኛና ስድስተኛ ቀይ። የአፋን ኦሮሞዎቹ ከሥር ሰማያዊ ይጨመርባቸዋል። አንድ ቀለም አስተምራችሁ ከለቀቃችኋቸው አንደኛ ክፍሎቹ እንኳን ራሳቸው ይመልሳሉ። ዲዊውን ለማጣቀሻዎቹና ለሳይንሶቹ አቆዩት።

መምህር ሲቀር ክፍሉ ወደ ላይብረሪ ይላካል። ይህ የትም ያለ ነው። እምቢ ማለት ያጣላል፤ ሁሌ እሺ ማለት ደግሞ የማዋሻ ፔሬዱን ይበላዋል። እኔ በር አጠገብ አንድ ካርቶን አለኝ። ውስጡ 25 ቀጫጭን መጽሐፍ አለ፣ ለሁለት ልጅ አንድ። ርዕሰ መምህሩን፦ «በማዋሻ ፔሬድ ከሆነ ካርቶኑን ወደ ክፍላቸው ልላክ፣ ነጻ ፔሬዴ ከሆነ ደግሞ ይምጡ» አልኳቸው። የፔሬዶቹንም ሰሌዳ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ተስማሙ።

ጥገና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ሥራ ነው። መጀመሪያ ስኮች ፕላስተር አትጠቀሙ። በዓመት በሁለት ዓመት ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፣ ሲላጥ ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል። ለተቀደደ ገጽ ስስ ወረቀትና ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል። መሐሉ በስቴፕል የተያዘው ቀጭን መጽሐፍ ሲበጠስ ግን መስፋት ነው። እናቴ ሰፌድና ሞሰብ ትሰፋ ስለነበር ወስፌ ቤታችን አይጠፋም ነበር። የዛገውን ስቴፕል አውጡ። መጽሐፉን መሐሉ ላይ ክፈቱና በእጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ ብሱ፤ አንዱ መሐል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች። ክሩን ሻማ ላይ ጎተት ጎተት አድርጉት፣ ይጠነክራል። መርፌውን ከውስጥ በመሐለኛው ቀዳዳ አውጡ፤ የክሩን ጫፍ ግን ውስጥ አስቀሩ። ከውጭ በላይኛው ግቡ። በውስጥ በኩል መሐሉን ዘላችሁ በታችኛው ውጡ። ተመልሳችሁ በመሐለኛው ግቡ። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች ውስጥ ናቸው፤ ረጅሙን ክር መሐላቸው አድርጋችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። አምስት ደቂቃ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ከላይብረሪ ክበብ ልጆች ጋር እንሰፋለን። ብሳቱን እኔ፣ ክሩን እነሱ። ልጅ ራሱ የሰፋውን መጽሐፍ አይቀድድም፤ ሌላው ሲቀድድ ካየም ዝም አይልም።

ወደ ቤት። እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከጀሞ ታክሲ ሰልፍ ቆሜ ነው የምመጣው። ለአራት ዓመት መዝገብ በቦርሳዬ ይዤ እየገባሁ፣ ልጆቼ ተኝተው እጽፍ ነበር። ትንሿ ልጄ አንድ ማታ «እማ፣ ለኔ የምታነቢው መቼ ነው?» አለችኝ። ለሰው ልጆች ሳነብ ውዬ ለሷ ድምፅ አላተረፍኩም። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ያድራል። ወደ ቤት የሚገባው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጮክ ብዬ የማነበው። ማታ ለሷ አነብላታለሁ። የት ላይ እንደምትስቅ፣ የት ላይ እንደሚሰለቻት አያለሁ። ዝግጅቴም እሱ ነው። ቅዳሜ ግን ገበያ፣ ልብስ፣ ጸጉር ሥራ፤ ላይብረሪ የለም።

የዓመቱን ማብቂያ ቀድማችሁ አስቡ። ስድስተኛዎቹን ከሁሉ በፊት አስመልሱ፣ ከተማ አቀፉ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ፈተናው ካለቀ በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ማግኘት ይከብዳል። ከነሱ ቀጥሎ አምስተኛን፣ እያለ ወደ ታች። አንደኛ ክፍሎቹን የመጨረሻ አድርጓቸው። ገና ማንበብ የጀመሩት እነሱ ስለሆኑ፣ አንድ ሳምንት ተጨማሪ መጽሐፉ እጃቸው ላይ ይቆይ።