ወረቀቱን ከመንካታችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩ

አዲስ አበባ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነኝ። ባለቤቶቹ «ይህ አሮጌ የግድግዳ ወረቀት ይነሣል ወይስ ይሸፈናል?» ሲሉኝ መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኳለሁ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ነውና ውሃ አይጎዳውም። ክፍት ድምፅ ያለው ችፑድ ወይም የጂፕሰም ቦርድ ነው፤ ውሃ ከጠጣ ያብጣል። ጭቃ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ብሎኬት ላይ እንጀምር። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፉ። ወረቀቱ የፕላስቲክ ሽፋን ካለው ጥጉን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት፤ የላዩ ይላጥና ስስ ወረቀት ከሥር ይቀራል። ሽፋኑ እምቢ ካለ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርጉት፤ ያለዚያ ውሃው አይገባም። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ በስፖንጅ አርሱት፤ ከዚያም 15 ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ሰውን ሁሉ የሚያቅተው ይኸው መቀመጥ ነው። ቡና ተፈልቶ ከሆነ አቦሉ እስኪቀዳ ስፓቱላ አትንኩ። በደረቁ የሚፍቅ ሰው ልስኑን ቦጫጭቆ ለስቱኮ ተጨማሪ ገንዘብ ያወጣል። ራሱ የሚለጠፈውን ዓይነት ግን በፀጉር ማድረቂያ ስታሞቁት ሙጫው ይለሰልሳል፤ ውሃ አያስፈልገውም።

ወረቀቱ ከተነሣ በኋላ ግድግዳውን በሞቀ ውሃ እጠቡና በእጃችሁ ዳብሱት። ካሟለጨ ሙጫ አለበት፤ ድገሙት። ሙጫ ላይ የተቀባ ቀለም ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ስቱኮ፣ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም። በክረምት ማድረቁ ትዕግሥት ይፈትናል፤ እኔ ይህን ሥራ ከመስቀል በኋላ ነው የምወደው።

ጂፕሰም ላይ አጥብቆ የያዘ ወረቀት ከሆነ አትነቅንቁት። የውሃ ቀለም በቀጥታ ከቀባችሁት ሙጫውን አርሶ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። መጀመሪያ የዘይት ቀለም ቀቡት፤ ሲደርቅ መጋጠሚያዎቹን በስቱኮ ሙሉና አለስልሱ፤ የመረጣችሁት ቀለም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በጭቃ ቤት ውሃ የሚባል ነገር አታስቡ። በዱቄት ሙጫ የተደራረበው የድሮ ጋዜጣ ሲነሣ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። የረገበውን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡና ችፑድ ምቱበት፤ ምስማር የሚይዘው እንጨቱ ላይ ስለሆነ ቋሚውንና ማገሩን እያንኳኳችሁ ፈልጉ። ጋዜጣውን ማንበብ ግን ለእረፍት ሰዓት ይቆይ፤ የድሮ ዜና ስንት ረዳት አስቁሞብኛል!

የማልሸፍነው እርጥበትን ነው። ቤት ከመከራየቱ በፊት የራሰ ግድግዳ ላይ ወረቀት የሚለጥፉ አከራዮች አሉ። ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ወይም ሻጋታ ከሸተታችሁ ቀለም ቀቢ አትጥሩ፤ የቧንቧ ወይም የጣሪያ ሠራተኛ ይቅደም።