ጆክ ስኮት፦ የቪክቶሪያ ዘመን የሳልመን ማጥመጃ እንዴት ይሠራል?

የአትላንቲክ ሳልመን የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣው እንቁላል ሊጥል ነው። ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል። ስለዚህ በላባ የሚሠራለት ማጥመጃ የግድ ዓሣ የሚበላውን ዝንብ መምሰል የለበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የብሪታንያ አጥማጆች ከየአገሩ በመጣ ላባ ተራቀውበታል። ከማጥመጃዎቹ ስሙ የገነነው ጆክ ስኮት የሚባለው ነው። ትንሽ ቀለል አድርገን እንሥራው።

ቀዳዳ የሌለው ትልቅ መንጠቆ ሞርሳ ላይ እሰሩ። ከዘንጉ ጫፍ ሥር ገመድ የሚገባበት ትንሽ ቀለበት በሰም በታሸ ክር አጥብቁ።

ከኋላ ጀምሩ። ጥቂት ዙር ቀጭን የብር ክር፣ ቀጥሎ ቢጫ ሐር። ለጅራት ጎልደን ፌዛንት ከሚባለው የቻይና ወፍ ጉትዬ አንድ ወርቃማ ላባ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ እሰሩ። ሥሩ ላይ ጥቁር የሰጎን ላባ ጠምጥሙ።

አካሉ ከኋላ ቢጫ ሐር፣ ከፊት ጥቁር ሐር ነው። መሐሉን በቢጫ ላባና በጥቁር ሰጎን ለዩት። ሻካራ ጣት ሐሩን ያበላሸዋል፤ እጃችሁን ታጠቡ። በላዩ የብር ክር አራርቃችሁ ጠምጥሙ። ጥቁሩ ላይ ጥቁር የዶሮ ላባ ይከተለዋል። ለጉሮሮ ነጠብጣብ ያለው የጅግራ ላባ ነው፤ ይኼ እንኳ የእኛው አገር ወፍ ነው።

ጉዱ ያለው ክንፉ ላይ ነው። መጀመሪያ ጫፉ ነጭ የሆነ ጥቁር የቱርክ ዶሮ ላባ መሠረት ይሁን። ከዚያ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ከተነከረ የዝይ ላባ ቀጫጭን ዘለላዎች ቁረጡ። ጠርዝ ለጠርዝ አስጠግታችሁ በጣት ቀስ ብላችሁ እሹ። ሙጫ አያስፈልግም። ላባ ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች ስላሉ እንደ ዚፕ ይቆላለፋል። ለግራ ክንፍ ከግራ ላባ፣ ለቀኝ ከቀኝ ብቻ ውሰዱ። ከተደባለቀ እሺ ብሎ አይያያዝም፤ ቢያያዝም ይጣመማል። ሁለቱን ክንፎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ያዙ፤ ክሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ሳቡ። ወደ ጎን ከሳባችሁት ክንፉ ይተኛል።

በላዩ ሌላ የጉትዬ ላባ ደርቡ። ለጉንጭ ሰማያዊ ላባ ይሁን። የድሮዎቹ የተጠቀሙባቸው ብዙ ወፎች ዛሬ ንግዳቸው በሕግ የተገደበ ነው። ቀለም የተነከረ የዶሮ ላባ ይበቃል፤ ለእኔ ውበቱ አይጎድልም።

ጭንቅላቱን ትንሽ አድርጋችሁ ቋጩት። ጥቁር ቨርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ በየመሐሉ ግን በደንብ ይድረቅ።