ኮሞዶ ላይ ከጀልባ ስትወርዱ እባካችሁ ይህን አታድርጉ

ዱባይ የሚኖሩ ወገኖችን ይዤ ወደ ኢንዶኔዥያ መመላለስ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ሰዉ ይለዋወጣል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

አንጀቴን የሚያቃጥለው የኮሞዶ ድራጎኑን «ተኝቷል» ብሎ መጠጋት ነው። ጥፋቱ የጫሞ ሳይሆን አይቀርም። ጫሞ ላይ አዞውን የምናየው ከጀልባ ሳንወርድ ነው። ኮሞዶና ሪንቻ ደሴቶች ላይ ግን ጀልባዋ አድርሳችሁ ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። አጥር የለም። በእናንተና በእንስሳው መካከል ያለው ባላ የያዘ ስካውት ብቻ ነው። እንስሳው ደግሞ አርጃኖ ነው፤ ግን 3 ሜትር የሚደርስ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን አርጃኖ። እንደ ግንድ ተጋድሞ ይቆይና ሲነሳ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በነጠላ ጫማ አታመልጡትም! ንክሻው የሚገድለው አፉ ስለሚቆሽሽ ነው ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የመርዝ ዕጢ እንዳለው አሳይቷል፤ መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎረምሳ «ይሄ ሞቷል እንዴ?» እያለ ለፎቶ ከጎኑ ቁጢጥ ሊል ሲል፣ ስካውቱ በሸሚዙ ኮሌታ ይዞ ወደ ኋላ ወረወረው። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሸሚዜን ቀደደብኝ ብሎ ተቆጣ። ፎቶ ከፈለጋችሁ ስልኩን ለስካውቱ ስጡት። እናንተን ከኋላ ራቅ አድርጎ ያቆምና ስልኩን መሬት አስጠግቶ ሲያነሳ፣ አጠገቡ የቆማችሁ ትመስላላችሁ።

ደም መደበቅም አለ። ቁስል ያለበት ሰው፣ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት፣ ከመውረዳቸው በፊት ለስካውቱ ይንገሩ። እንስሳው በምላሱ ሽታ የሚለቅም ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም አፍሬ ሳልጠይቅ አልፍ ነበር፤ አሁን ጀልባዋ ሳትነሳ ለሁሉም እናገራለሁ።

ለገና እና ለጥምቀት ዕረፍት የምትመጡ፣ ያ ወቅት እዚያ ዝናብና ማዕበል ነው። ከባሕር በምትመለሱበት ቀን የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ። እኔ ቆርጬ፣ ጀልባችን ከነፋሱ አንድ ደሴት ጥግ ተከልላ ስታድር የሦስት ሰው ትኬት ከኪሴ ከፍያለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ባሕሩ ይሻላል፣ ግን ድራጎኖቹ የሚጋቡበት ጊዜ ስለሆነ ብዙዎቹ ጫካ ገብተው ይጠፋሉ።

ከላቡዋን ባጆ ወደብ በንጋት ተነሱ። ረፋዱ ላይ ከደረሳችሁ የምታዩት ጥላ ሥር የተዘረጋ ጀርባ ነው።

የማቅለሽለሽ ክኒን ፌስታል ከተያዘ በኋላ አይዋጥም።

ስፒድ ቦት ላይ ፊት መቀመጥ የሚጥመው ለአምስት ደቂቃ ነው፤ ወገባችሁን ከወደዳችሁ ወደ ኋላ።

ፈሪዎቹን ግን እወዳቸዋለሁ። አንዲት እናት የስካውቱን ሸሚዝ ጫፍ እንደያዙ ጉዞውን ጨረሱ፣ ልጆቻቸው እየሳቁባቸው። ግልገሎቹ ትልልቆቹ እንዳይበሏቸው ዛፍ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ሳለ ቅርንጫፍ ላይ የተለጠፈችውን አንዷን ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።