መግፊያ አለን ብላችሁ ሽፋኑን አትፍቱ

የእንጨት ሥራ ቤት ስገባ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ጣውላ በሚሽከረከር ዲስክ በሚሰነጥቀው ማሽን፣ በሰርኩላር መጋዙ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የዲስኩ ሽፋን ወልቆ ጥግ ላይ ተጥሎ አገኘዋለሁ። «ለምን ተፈታ?» ስል መልሱ ያው ነው፦ «መግፊያ እንጨት አለን እኮ!»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። መግፊያ፣ ጣውላውን ወደ ዲስኩ የምንገፋበት ዘንግ፣ እጅን ከዲስኩ ያርቃል እንጂ ዲስኩን አይሸፍንም። በሽፋኑ ላይ ይጨመራል፤ በሽፋኑ ፋንታ አይገባም። አንድ ልጅ ያለ ሽፋን ሲሰነጥቅ ጣውላው ጉጥ ነበረበት። ዲስኩ ነክሶ ወደ ልጁ መልሶ ወረወረው። መግፊያው የሚያርፍበት አጣ፤ ልጁ ወደ ፊት ተደፋ፤ እጁ ዲስኩ ላይ አረፈ። ጣቶቹን ሲያጣ መግፊያውን አልለቀቀም ነበር። ሽፋኑ ቢኖር እጁ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። እባካችሁ፣ ሥራ ያዘገያል እያላችሁ አትፍቱት!

ከዲስኩ ጀርባ የምትቆመውንም ስስ ብረት አትፍቷት። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ገጥሞ ዲስኩን እንዳይጨብጥ የምትከላከለው እሷ ናት። ከዲስኩ ጥርስ ከ8 ሚሊሜትር በላይ አትራቅ።

ያገኙትን ቁርጥራጭ አንስቶ መግፋትም አለ። መግፊያ 45 ሳንቲሜትር ያህል ይርዘም፤ ጫፉም ጣውላውን እንዲይዝ ይጠረብ። ከብረት አትሥሩት። የመጨረሻው 30 ሳንቲሜትር ሲቀር እጅ ይብቃው፣ መግፊያው ይተካ። በዚያች ሰዓት ፍለጋ ስለማይኬድ እዚያው ማሽኑ ላይ ይንጠልጠል።

ላሜራ በሚጫነው ማሽን፣ በፕሬስ ላይ የምትሠሩም እንደዚሁ። ላሜራውን በፒንሳ ስላስገባችሁ መከላከያው ይነሳ ማለት አይደለም። ላሜራው ሲንሸራተት እጅ ሳያስብ ይከተለዋል።

በማሽኑ ዙሪያ ወለል ላይ የተቀባ ቢጫ መስመርና የተወጠረ ሰንሰለት ያስታውሳሉ እንጂ ሰው አያስቆሙም።

መጋዝ ወይም ድሪል ላይ ጓንት አታድርጉ፤ ተጠምጥሞ እጅን ይስባል።

አሠሪዎች፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ማቅረብንም አጠቃቀሙን ማሳየትንም የእናንተ ግዴታ አድርጎታል። ግዴታው ዕቃውን ገዝቶ መደርደሪያ ላይ በማስቀመጥ አያልቅም። አዲስ ልጅ ስትቀጥሩ ጣውላ ከማስያዛችሁ በፊት፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሽፋኑ ታስሮ፣ መግፊያውን ይዞ ይለማመድ።