በረዶ በሆኑ ሐይቆች ላይ በውሻ ጋሪ እንዴት እንደሚጓዙ

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ከሚኒያፖሊስ ወደ ኢሊ ከተማ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ባውንደሪ ዋተርስ ከ1,000 በላይ ሐይቆች ያሉበት ጥብቅ ደን ነው። ሞተር በአብዛኛው ስለተከለከለ በብርዱ ወራት የሚኬደው በእግር፣ በስኪ ወይም ውሾች በሚጎትቱት ጎማ የሌለው ጋሪ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ውሾቹን ከሚያውቅ መሪ ጋር ሂዱ። ጥጥ የሆነ ነገር አትልበሱ። ጂንስም ሆነ ጋቢ አንዴ ላብ ከጠጣ አይደርቅም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። ከዚያው አካባቢ በምትገኘው ታወር ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። ለስንቅ ከጭኮ የሚሻል አላገኘሁም፤ ቤት ሳላችሁ በጉርሻ ልክ ቁረጡት፣ እዚያ ቅቤው ድንጋይ ይሆናል።

ጋሪው ከዛፍ እስኪፈታ ሁለቱም እግሮቻችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁኑ። ውሾቹ ለመሮጥ እየጮኹ ይዘላሉ። «ሃይክ» ሂዱ፣ «ጂ» ቀኝ፣ «ሃው» ግራ፣ «ዎ» ቁሙ ነው፤ የሚያቆማቸው ግን ፍሬኑ እንጂ ቃሉ አይደለም። ብትወድቁም መያዣውን አትልቀቁ። ሰው የሌለበት ጋሪ ከውሾቹ ጋር ይጠፋል።

ዋናው ችግር ሐይቁ ላይ ነው። እኔ በረዶው ይሰበራል ብዬ ብቻ ነበር የምፈራው። እርግጥ ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት፣ ሐይቁም በሚጠብበት ቦታ በረዶው ስስ ስለሚሆን መሪው ቀድሞ በብረት እየወጋ ይሞክረዋል። እኔን ያገኘኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ስኖው፣ ማለትም ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ፣ ሲከመር በረዶውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ውሃውም በስንጥቁ ወጥቶ ከስኖው ሥር ይተኛል። ስኖው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው በዚያ ብርድ እንኳ ቶሎ አይረጋም። ከላይ ሲታይ ነጭ ሜዳ ነው።

ጋሪው ሲከብደኝ ምን እንደሆነ ልይ ብዬ አቆምኩ። ስወርድ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ። የጋሪው እግሮች፣ ማለትም የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች፣ ወዲያው ከበረዶው ጋር ተጣበቁ፤ በመጥረቢያ ጀርባ እየቀጠቀጥን ለማላቀቅ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

ስለዚህ የውሾቹ ዱካ ግራጫ ሲሆን ካያችሁ አትቁሙ። እየገፋችሁ ደረቅ ስኖው ላይ ውጡ። ከዚያ ጋሪውን በጎኑ አጋድማችሁ እግሮቹ ላይ የያዘውን ሳይጠነክር ፋቁት። ጫማችሁ ከረጠበ ደረቅ ስኖው ውስጥ ደጋግማችሁ ውጉት፤ ውሃውን ይመጥጠዋል። በረዶውን ለመፋቅ ፕላስቲክ አትመኑ፣ በብርዱ ይሰበራል፤ ብረት ያዙ።

ማታ መጀመሪያ የሚበሉት ውሾቹ ናቸው። መዳፋቸውን አንድ በአንድ ዳስሱ፣ በጣቶቻቸው መሃል የረጋ በረዶ ካለ አውጡላቸው። ከዚያ የፈላ ውሃ በጠርሙስ አድርጋችሁ የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ፣ እግራችሁ ሥር አስገቡ። እነሱ ጭራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ስኖው ላይ ይጠቀለላሉ።